«ሲስተሙ ነው» አትበሉኝ!

ጤናችሁ፣ ኑሯችሁ፣ ኔትወርካችሁ እንዴት ነው? ኔትወርክ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። ድሮ ሰው ሲገናኝ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ዝናቡ ይጠያየቅ ነበር አሉ። ዛሬ ሰላምታው «መብራት አለ? ኔትወርክ አለ? ሲስተም ሠራ?» ሆኗል። ዘመን ነዋ!

ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ስለዚህች «ሲስተም» ስለምትባል ጉደኛ ነው። ገንዘብ ልታወጡ ትሄዳላችሁ፣ «ሲስተም የለም»። መታወቂያ ልታሳድሱ ትሄዳላችሁ፣ «ሲስተሙ አልቀበልም አለ»። የውሃ ሂሳብ ልትከፍሉ ትሄዳላችሁ፣ «ሲስተሙ ላይ እንዲህ ነው የሚያሳየው»። የሚገርመኝ ደግሞ ሠራተኛው አይደለም፤ ባለጉዳዩ ነው። ከንጋት ጀምሮ ወረፋ ይዞ ሲጋፋ የዋለ፣ ለአንድ ሰው ቦታ አልለቅም ብሎ ሲሟገት የነበረ ጀግና፣ ያቺን ቃል ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ! ማን ነው? የት ሄደ? መቼ ይመጣል? ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አንድ ቀን ግን አንዲት አዛውንት ሲጠይቁ ሰማሁ። ነጠላቸውን አስተካክለው በመስኮቱ ጎንበስ አሉና፣ «ልጄ፣ ይሄ ሲስተም የምትሉት ሰውዬ በመጣሁ ቁጥር የለም ትሉኛላችሁ። ደመወዙን ግን ይበላል አይደል?» አሏት። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን እሳቸው ነበሩ ልክ። ሲስተም ሰው ነው! ዝርዝሩን ልንገራችሁ።

ከእንጀራዬ ልጀምር

እኔ የተማርኩት እስከ 12ኛ ክፍል ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ኮምፒዩተር ያወቅሁት ኢንተርኔት ቤት ተቀጥሬ ማመልከቻ ስተይብ፣ ፎቶ ኮፒ ሳነሳ፣ ቫይረስ የበላውን ፍላሽ ሳክም ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ፕሮግራም መጻፍ ለመድኩ። ዛሬ ለሱቁ የዕቃ መቆጣጠሪያ፣ ለፋርማሲው የሽያጭ መዝገብ፣ ለዕቁብተኛው የክፍያ ማስታወሻ እየሠራሁ ነው የምኖረው። ይህችን ዓምድ ደግሞ በትርፍ ጊዜዬ።

እንግዲህ ከምግብ ቤቱ ጓዳ የወጣ ሰው ብላችሁ ስሙኝ። ሳህኑ ላይ ያማረውን ሳይሆን ድስቱ ውስጥ የገባውን ነው የምነግራችሁ።

ፕሮግራም ማለት ትእዛዝ ነው። «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ያ ካልሆነ ያንን አድርግ» የሚል ረጅም የትእዛዝ ዝርዝር። ትእዛዙን የሚጽፈው እንደ እኔ ዓይነት፣ ቡና ያልጠጣ፣ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው፣ ሰኞ አድርስ የተባለ ሰው ነው። ማሽኑ ደግሞ የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ ታማኝ ሎሌ ነው። «በሩን ዝጋ» ብትሉት እናንተን ውጭ ትቶ ይዘጋዋል። ክፋት የለውም፣ ደግነትም የለውም። ስለዚህ «ሲስተሙ አልቀበልም አለ» ሲሏችሁ ትክክለኛው ትርጉም «ትእዛዙን የጻፈው ሰው የእናንተን ጉዳይ አላሰበውም» ማለት ነው። ትልቅ ልዩነት አለው! በመጀመሪያው አባባል ጥፋተኛ የለም። በሁለተኛው ግን የሚጠየቅ ሰው አለ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ብዙዎቹ ትእዛዞች የተጻፉት ዓመቱ 12 ወር፣ ቀኑ ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር፣ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም ያለው ነው ብለው በሚያስቡ ሰዎች ነው። እኛ ደግሞ... እናንተው ታውቁታላችሁ።

ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ

የሰፈራችን አንዲት ልጅ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ቪዛዋ መጣላት። ቤተሰቡ ተበድሮ፣ እናት የጆሮ ወርቋን ሸጣ የተላከች ልጅ ናት። ትኬቱ ላይ «ማክሰኞ 02:30» ይላል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ተመካከረና «ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ስለሆነ በ11 ሰዓት ከቤት እንወጣለን» ብሎ ወሰነ። ለሰኞ ማታ የመሸኛ እራት ተዘጋጀ። ዶሮ ሁሉ ተገዝቷል!

እሑድ ቡና ተጠርቼ ሄጄ ትኬቱን ሳየው ደነገጥኩ። 02:30 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው። በፈረንጁ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚቀየር ያ ሌሊት ለእነሱ ማክሰኞ ነው። ለእኛ ግን ገና ሰኞ ሌሊት ነው፤ አባቶቻችን «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» የሚሉት። ልጅቷ ቦሌ መድረስ የነበረባት ሰኞ ማታ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያ የመሸኛ እራት ተበልቶ ሰው ሲመርቃት አውሮፕላኑ ሊነሳ ሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ ይቀረው ነበር ማለት ነው! እራቱ ወደ ሰኞ ምሳ ተዛወረና ልጅቷ በሰላም ሄደች።

እዚህ ላይ ማን ሞኝ ነው? ማንም! ቤተሰቡ በራሱ ሰዓት በትክክል ነው ያነበበው። ቀኑን ጸሐይ ስትወጣ «አንድ» ብሎ መቁጠር ከምድር ወገብ ብዙ ለማይርቅ፣ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ለሆነ አገር የሚስማማ ብልሃት ነው። ግን ሁለት ሰዓት ባለበት አገር «የቱ ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። ቀላሉ ሒሳብ ይኸው፤ ከፈረንጁ ሰዓት ላይ 6 ቀንሱ። የማይበቃ ከሆነ 12 ጨምራችሁ ቀንሱ። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለ በረራ ከሆነ ደግሞ ሻንጣችሁን የምታስሩት በዋዜማው ነው።

በየካቲት 30 የተወለደው ሰውዬ

ሁለተኛው ጣጣ ቀን መቁጠሪያው ነው። የእኛ ወር ሁሌም 30 ነው። ጳጉሜ ደግሞ 5፣ በአራት ዓመት አንዴ 6። ምን ያምራል! የፈረንጁ የካቲት ግን 28 ነው፣ አንዳንዴ 29።

አሁን አንድ የማውቀው ሾፌር የካቲት 30 ቀን 1990 ዓ.ም. ተወለደ። አንድ መሥሪያ ቤት ፎርም ሲሞላ መዝጋቢዋ 30፣ 02 ብላ መታች። ማሽኑ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለ። ምን አደረገች? 28 አለችው፤ ማሽኑ ዝም አለ። በቃ፣ ማሽኑን ደስ ለማሰኘት የሰው ልደት ሁለት ቀን ተቀነሰ! ትክክለኛው ልደቱ በፈረንጁ መጋቢት 9 ቀን 1998 ነበር። ከዓመታት በኋላ ሌላ ቦታ ወረቀቶቹ ሲተያዩ አንዱ ከአንዱ አልገጥም አለ። «የትኛው ነህ?» ተባለ። ሥራው ለሦስት ወር ተንጠለጠለ።

ጳጉሜ የተወለደማ አታንሱት! ፎርሙ 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም። ለጳጉሜ 3 ቀን 1990 ልጅ ትክክሉ መስከረም 8 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። ነገር ግን ስንቱ መዝጋቢ ይህን ለማስላት ትዕግሥት አለው? «መስከረም 1 ብለው» ይባልና ያልፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ማሽኑ እሺ ብሎ የሚቀበለው ስህተት ነው። 05/06 ብላችሁ ብትጽፉ አንዱ የካቲት 5 ብሎ ያነባል፣ አንዱ ሰኔ 5፣ አንዱ ግንቦት 6። ሁሉም «ትክክል» ነው! ማሽኑም አይጮኽም። እምቢ የሚል ስህተት ወዳጅ ነው፤ ዝም ብሎ የሚያልፍ ስህተት ግን እንደ ብል ነው፣ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ነው የሚበላችሁ።

ነገሩ ጥልቅ መሆኑን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በፈረንጁ መጋቢት 1 ቀን 1896። በዓሉን ዛሬ ስናከብር ግን የካቲት 23 በፈረንጁ መጋቢት 2 ላይ ነው የሚውለው። አንዷ ቀን ከየት መጣች? በፈረንጁ ሕግ 100ኛው ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ተጨማሪ ቀን አይኖረውም። ስለዚህ በ1900 እ.ኤ.አ. እነሱ ያችን ቀን ዘለሏት፣ እኛ አልዘለልናትም፤ ልዩነቱም በአንድ ቀን ሰፋ። ይህን ያላሰበ ቀን መለወጫ ዓድዋን መጋቢት 2 ቀን 1896 ብሎ ይነግራችኋል፤ ያውም በልበ ሙሉነት! በ2100 እ.ኤ.አ. ደግሞ ልዩነቱ እንደገና በአንድ ቀን ይሰፋል። ለልጅ ልጆቻችን አስቀምጡላቸው።

አራቱ ኃይሉዎች

ሦስተኛው የስም ጉዳይ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስማችን፣ የአባታችን ስም፣ የአያታችን ስም፤ ከፈለጋችሁ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ነው። ፎርሙ ግን «የመጨረሻ ስም» ይላል። ስለዚህ ባል በአያቱ ይጠራል፣ ሚስት በአያቷ፣ ልጅ ደግሞ በአያቱ። አንድ ማዕድ የሚቆርሱ ሦስት ሰዎች ኤምባሲ ሲደርሱ ሦስት የማይተዋወቁ ቤተሰቦች ይሆናሉ። «ልጅህ ከሆነ ስሙ ለምን አይመሳሰልም?» ይባላል አባት። ምን ብሎ ይመልስ?

ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው ብላችሁ እንዳትዝናኑ። በገዛ ፊደላችንም ጉድ አለ። ፊደላችን በዓለም ኮምፒዩተሮች መዝገብ፣ ዩኒኮድ በሚባለው፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ መዝገብ ላይ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ሀ 4608 ናት። ሐ 4624። ኀ ደግሞ 4736። ለእኔና ለእናንተ ጆሮ ሦስቱም አንድ ናቸው። ለማሽኑ ግን ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ እንደ ለ እና መ የተራራቁ። ስለዚህ ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ አራት ሰዎች ናቸው! ካልታዘዘ በቀር ማሽን «ድምፁ አንድ ነው» አይልም።

ታዲያ ምን ይጠበስ? ትሉኝ ይሆናል። ስሙኝማ። አንድ የግል ክሊኒክ ሌላ ሰው የሠራለትን የካርድ ክፍል ፕሮግራም እንዳይለት ጠራኝ። ቅሬታው «ታካሚ ይጠፋብናል» ነው። ገብቼ ሳይ አንዲት ሴት ሦስት ካርድ አላት። አንዱ ጸሐይ፣ አንዱ ፀሐይ፣ አንዱ ፀሀይ። በመጣች ቁጥር የካርድ ክፍሏ ልጅ ስሟን በመሰላት ፊደል ትፈልጋለች፣ ማሽኑ «የለም» ይላል፣ አዲስ ይከፈታል። መጀመሪያው ካርድ ላይ ምን ተጽፏል? «ፔኒሲሊን አይስማማትም»። ሌሎቹ ሁለቱ ላይ ምንም!

ሴትየዋ በሕይወት አለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያዳናት ግን ማሽኑ አይደለም። መርፌ ከመውጋቷ በፊት «ፔኒሲሊን ይስማማሻል?» ብላ የጠየቀች ነርስ ነች። ካርዱ ላይ ምንም ስለሌለ ዝም ብላ አልወጋችም። ጠየቀች! የዛሬው ጽሑፌ ፍሬ ነገር ይቺ ጥያቄ ናት።

ተጠራጣሪ ማን ነው?

«ተጠራጣሪ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ስድብ ይመስላል። ቀናተኛ ባል፣ ነገረኛ አማት ነው የሚያስታውሰን። እኔ ግን የተሻለ ቃል አለን እላለሁ፤ ማጣራት። ጠላ ይጠራል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ ወሬም ይጣራል። አባቶች «ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ነው። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ያሉትም ለዚሁ።

ማጣራት ግን ሁሉን መናቅ አይደለም። 2000 እ.ኤ.አ. ሲገባ የዓለም ኮምፒዩተሮች ይናወጣሉ ተብሎ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ጥር 1 ቀን 2000 ማለት በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ነው። ያኔ እኔ ዳዴ እል ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ቀደምት ፕሮግራም ጻፊዎች ቦታ ለመቆጠብ ዓመቱን በሁለት አኃዝ ብቻ መዘገቡ። 99ን የሚከተለው 00 ማሽኑ ዘንድ 1900 ይሆናል ተባለ። ቀኑ ደረሰ፤ ሰማይም አልወደቀ፤ ዓለም እንደነበረች ቀጠለች። እናም ብዙ ሰው «ባዶ ሽብር ነበር!» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ስታጣሩት ግን ያልወደቀበት አንዱ ምክንያት ስማቸው ያልተነሳ ብዙ ሠራተኞች አስቀድመው መስመር በመስመር ሲያርሙ ስለከረሙ ነው። ጣሪያውን ሰው ጠግኖት ዝናቡ ባይገባ «ድሮም አያፈስም ነበር» ይባላል? እንግዲህ ሁሉን የሚያምንም፣ በሁሉ የሚስቅም ሁለቱም አላጣሩም።

ሁሉን ማመን ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ሁላችን ያየነው ነው። ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ለሰዓታት ያህል ሰው ሂሳቡ ውስጥ ከሌለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻለ። የሳይበር ጥቃት አልነበረም አለ ባንኩ። የሄደው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑንም ገለጸ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሌሊት ካርድ ማሽኑ ላይ ተሰለፉ። «ሲስተሙ ሰጠኝ፣ ምን ላድርግ?» የሚል ስንት ሰው ነበር! ከዚያ መልሱ ተባለ፤ ብዙው መለሰ፤ ያልመለሱት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ሳይቀር ተለጠፈ። ገበያ ላይ ባለሱቁ ተሳስቶ የመቶ ብር መልስ ሁለት መቶ ቢሰጠን አብዛኞቻችን «ተሳስተሃል» እንላለን። ማሽን ሲሳሳት ግን የሰው ገንዘብ መሆኑ ይጠፋናል። ማሽኑ ፊት የለውማ፣ አያሳፍረንም። ከጀርባው ግን ሰው አለ። ሁሌም ሰው አለ።

አጥሚት ይዤ ልምጣ!

የሞባይል ገንዘብ ከተስፋፋ ወዲህ፣ በተለይ ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ስልካችን ኪሳችን ሆኗል። ኪስ ባለበት ደግሞ ኪስ አውላቂ አይጠፋም።

አንድ ባለዲግሪ ወዳጄ መልእክት ደረሰው። «5,000 ብር ገቢ ሆኖልዎታል» ይላል፤ አጻጻፉ ቁርጥ የባንክ። ወዲያው ስልክ ተደወለ። «ወንድሜ፣ በስህተት ነው የላክሁብህ፤ ልጄ ታማብኛለች፤ እባክህ መልስልኝ»። ልቡ ራራ። መለሰ። በኋላ ሂሳቡን ሲያይ የገባ ነገር የለም፤ የወጣው ግን የራሱ 5,000 ብር ነው። ወር ሙሉ በብድር ከረመ። ያ መልእክት ከባንክ ሳይሆን ከተራ ስልክ የተጻፈ ነበር።

ይኸው ጨዋታ በዚያው ሰሞን ጀበና ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት ላይ ተሞከረ። እኔ እዚያው በርጩማ ላይ ነበርኩ።

«እናቴ፣ በስህተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁ።»

«ውይ ልጄን! አይዞህ፣ የሰው ሐቅ አልበላም። ነገ ጠዋት በ2 ሰዓት ባንኩ በር ላይ እንገናኝና እነሱው ያስተካክሉልሃል። ቁርስህንም እኔ ዘንድ ትበላለህ።»

«አይ እናቴ፣ አስቸኳይ ነው፤ ልጄ ሆስፒታል ናት...»

«እኔን! የትኛው ሆስፒታል? አሁኑኑ ልምጣ! ባዶ እጄን አልመጣም፣ አጥሚት ይዤ እመጣለሁ!»

ስልኩ ጠፋ። እሳቸው ደግሞ «ምን ሆነ ይሄ ልጅ? ካርዱ አለቀበት መሰለኝ» ብለው ስኒያቸውን ማጠብ ቀጠሉ። ሌባ ማባረራቸውን እንኳ አላወቁም!

ወዳጄ መልእክቱን አነበበ፣ እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ወዳጄ በመልእክቱ አመነ፣ እሳቸው ግን ሰውየውን ማየት ፈለጉ። ለቅሶ የሚደረሰው በአካል ነው፤ ሕመምተኛ የሚጠየቀው በአካል ነው፤ ብድር የሚመለሰው በምስክር ፊት ነው። እኛ ኋላ ቀርነት የምንለው ያ ሁሉ ባህል ለካ ትልቅ ማጣሪያ ኖሯል! ሌባ የማይችለው ነገር ቢኖር በአካል መጥቶ ቁርስ መብላት ነው።

አዲሱ አዝማሪ

በቅርቡ ከእናንተ ከአንባብያን ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ጥያቄ ደግሞ «ይሄ የሚያወራው ኮምፒዩተር፣ ቻትጂፒቲ ምናምን የሚሉት፣ ይታመናል?» የሚል ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ከሰው ልጅ ጽሑፍ እጅግ ብዙ እንዲያነብ ተደርጓል። ከዚያ ስትጠይቁት ከዚህ ቃል ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለው የትኛው ቃል ነው እያለ እየገጣጠመ ይመልሳል። ጎበዝ አዝማሪ በሉት። የሰጣችሁትን ስም ተቀብሎ ወዲያው ስንኝ ይቋጥርላችኋል። ያማረ ነው፣ ይገጥማል፣ ያስደስታል። ግን አዝማሪው «ጀግናው፣ የአንበሳው ልጅ» ስላላችሁ አባታችሁ አንበሳ ገድለዋል ማለት ነው? በአማርኛ ደግሞ ያነበበው በእንግሊዝኛ ካነበበው ጋር ሲተያይ ጥቂት ስለሆነ ስንኙ ቶሎ ይሰበራል። የከፋው ነገር ሲሳሳትም ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ሰው ሲዋሽ አንዳንዴ ዓይኑ ይቅበዘበዛል፤ ይሄ ዓይን የለውም።

እኔ ራሴ ለሥራዬ እጠቀምበታለሁ፤ አልክድም። ደብዳቤ ያሳምራል፣ ሐሳብ ይጭራል። አንዲት ጎረቤቴ ግን የደም ግፊት ክኒኗን ታቁም አታቁም እሱን ልትጠይቅ ስትል «ኧረ በሕግ!» ብያታለሁ። ስንኝ ለሠርግ ነው፤ ለክኒን ሐኪም አለ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ምክር የሌለው ዓምድ ጨው የሌለው ወጥ ነውና ይኸው ምክሬ።

1ኛ፦ «ሲስተም የለም» ስትባሉ ሦስት ነገር ጠይቁ። ምኑ ነው የተበላሸው? ማን ነው የሚያስተካክለው? መቼ ልመለስ? በትህትና ጠይቁ፤ ልጅቷ ላይ አትጩኹ፣ ፕሮግራሙን የጻፈችው እሷ አይደለችም። ግን ጠይቁ።

2ኛ፦ ቀን ስትጽፉ ወሩን በስሙ ጻፉ፤ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. አስቀምጡ። «የካቲት 5 ቀን» ብሎ ዓ.ም. መሆኑን ጭምር የጻፈን ማንም አያሳስተውም።

3ኛ፦ ስማችሁን በአንድ አጻጻፍ አጽኑ፤ በአማርኛም በላቲኑም። የልደት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ ፓስፖርት አንድ ይሁኑ። መዝጋቢው ጽፎ ሲጨርስ «እስቲ ላንብበው» ማለት ነውር አይደለም። ከዓመታት በኋላ ከመሯሯጥ ዛሬ ሁለት ደቂቃ መቆም ይሻላል።

4ኛ፦ ገንዘብ ገባ የሚል መልእክት ገንዘብ አይደለም። ሂሳባችሁን ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ። የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ፤ «ከባንክ ነው የምደውለው» ለሚላችሁም ቢሆን። የሚያስቸኩላችሁን ሰው በተለይ ፍሩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ።

5ኛ፦ ክሊኒክ ስትሄዱ የማይስማማችሁን መድኃኒት በአንደበታችሁ ተናገሩ። «ካርዱ ላይ አለ» ብላችሁ አትተዉት። ካርዱ የትኛው ፊደል ሥር እንደተቀመጠ ምን ታውቃላችሁ?

6ኛ፦ የእኔን ቢጤ ፕሮግራም ጻፊዎች ደግሞ ይህን ልበላችሁ። ጳጉሜን አትርሷት! ሀ፣ ሐ፣ ኀን አስታርቋቸው። የመጨረሻ ስም የሌለውን ሰው «ስህተት» አትበሉት። በእኛ ትእዛዝ ምክንያት ወረፋ ላይ የምትቆመው የራሳችን እናት ናት።

ጸሐይ በወጣች ጊዜ ቀን የምንቆጥር፣ ዓመታችን 13 ወር የሆነ፣ ስማችን አባታችንን ተከትሎ የሚሄድ ሕዝቦች ነን። ይህን ማሽኑ ስላላወቀው ስህተት አይሆንም። ማሽኑን ማስተማር ይቻላል። እስኪማር ድረስ ግን እንደዚያች ነርስ እንጠይቅ፤ እንደ ቡና ሻጯም «ልምጣና ልይህ» እንበል።

እናንተስ ሲስተም ምን አድርጓችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፤ ስማችሁን አላወጣም። ለሳምንት ሰው ይበለን። ቸር ይግጠመን!